ስም ይጠይቃል፣ ስሙን ግን የሚጠይቀው የለም

አንድ ነገር ልጠይቃችሁና ልጀምር። ሠርግ ላይም ሆነ የባህል ምሽት ላይ፣ ማሲንቆውን ይዞ ጠረጴዛችሁ ድረስ የመጣ ሰው አስታውሱ። መቼም አዲስ አበባ ኖሮ ይህ ያልገጠመው ሰው ያለ አይመስለኝም። መጀመሪያ ምን አላችሁ? «ስም ማን ልበል?» ነው ያላችሁ። ነገራችሁት። ስማችሁን ግጥም ውስጥ አስገባና አገራችሁን ጨምሮ፣ መልካችሁን አጋኖ አወደሳችሁ። ሳቃችሁ። ግንባሩ ላይ ብር ለጠፋችሁለት። እሱም ወደሚቀጥለው ጠረጴዛ አለፈ።

እስቲ አሁን የሱን ስም ንገሩኝ።

እኔ አልችልም። ይህን ጽሑፍ የምጽፈውም ስለማልችል ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። አምና፣ አንደኛ ዓመት ሁለተኛ ሴሚስተር ላይ ሳለን፣ የፊቸር አጻጻፍ መምህራችን «በምታውቁት ሰፈር፣ ሥራ ላይ ያለ አንድ ሰው ፈልጉና ጻፉ» አሉን። የክፍሌ ልጆች የታክሲ ረዳት፣ ሊስትሮና የጀበና ቡና ሻጭ ሲይዙ እኔ ለየት ልበል አልኩ። የገርጂ ልጅ ነኝ። የአክስቴ ልጅ ደግሞ ቦሌ መድኃኔዓለም አካባቢ አንድ የባህል ምግብ ቤት ውስጥ አስተናጋጅ ነበረች። እዚያ የሚጫወቱ አንድ ማሲንቆ መቺ አሉና ስለሳቸው ልጽፍ ወሰንኩ።

ሁለት ምሽት ጥግ ይዤ ተቀመጥኩ። ሰውዬው ስድሳን የተሻገሩ ይመስሉኛል። ከመጀመራቸው በፊት የደጋኑን ጭራ በዕጣን ያሹታል፣ ከዚያ ማሲንቆዋን ወደ ጆሮአቸው ጠጋ አድርገው ጅማቷን ያጠባብቃሉ። የማሲንቆዋ ቆዳ ጥጉ ላይ ተቀዶ በጥቁር ክር ተሰፍቷል። እንግዳው «ተቀበል!» ሲላቸው የተባሉትን ይቀበላሉ፤ ማንም ምንም ሳይላቸው ደግሞ ከሰውዬው ፊት ላይ ግጥም ያነባሉ። አንዱን ወፍራም ነጋዴ በአንድ ጊዜ አሞግሰውም ሸንቁጠውም አልፈውት፣ ነጋዴው የተሸነቆጠው ሳይገባው መቶ ብር ሰጣቸው። እኔ ግን ገባኝና በሳቅ ልሞት ነበር። እረፍት ላይ ከወጥ ቤቱ በር አጠገብ ተቀምጠው እራት ሲበሉ ጠጋ ብዬ «ጋሼ፣ ስንት ዓመት ተጫወቱ?» አልኳቸው። «እሷን ጠይቂያት» አሉና ማሲንቆዋን አሳዩኝ። ከዚያ የኔን ስም ጠየቁኝ። ነገርኳቸው። ሁለተኛው ዙር ላይ ስሜን ግጥም ውስጥ ስሰማው ደስታዬን አልቻልኩትም።

ሦስት ገጽ ጻፍኩ። ስለ ዕጣኑ ጻፍኩ፣ ስለ ጥቁሩ ክር ጻፍኩ፣ ስለ ነጋዴው ጻፍኩ። ርዕሱንም «ታላቁ አዝማሪ» አልኩት። መምህራችን ወረቀቱን ሲመልሱልኝ በቀይ እስክሪብቶ የጻፉት ሁለት ቃል ብቻ ነበር፦ «ማን ናቸው?» ከሃያ ስምንት አገኘሁ።

መጀመሪያ ተናደድኩ። ቀጥሎ አፈርኩ። በሳምንቱ ስማቸውን ልጠይቅ ተመልሼ ሄድኩ። የሉም። ሥራውን ትተዋል አሉኝ። «ማን ነበር ስማቸው?» ብዬ አስተናጋጆቹን ብጠይቅ አንደኛው «ጎንደሬው» አለኝ፣ ሌላዋ «እኛ አባባ ነው የምንላቸው» አለችኝ። የአክስቴ ልጅ ሁለት ዓመት አብራቸው ሠርታለች፤ እሷም አታውቅም። ማታ ማታ ስንቱን ሰው በስሙ ሲያወድሱ የኖሩ ሰው፣ የራሳቸውን ስም የሚያውቅ አንድ ሰው ሳይተዉ ሄዱ።

እንግዲህ ከዚያ በኋላ ነው ነገሩ ያንገበገበኝ። ራሴን ለማጽናናት «ድሮስ ቢሆን የአዝማሪን ስም ማን ጻፈ?» አልኩና ላይብረሪ ገባሁ። የፈለግኩት የጎንደር ዘመን ነው። በአሥራ ስምንተኛው ክፍለ ዘመን በጎንደር ቤተ መንግሥት ዙሪያ ስለተጫወተ ሰው አንብቤ፣ በዚያው የተበላሸውን ጽሑፌን በታሪክ ላስተካክለው አሰብኩ።

ያገኘሁት የሚያስደስት ነገር አይደለም።

ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጀምስ ብሩስ በ1770 (እ.ኤ.አ.) ጎንደር ገባ። ዘመኑ ራስ ሚካኤል ስሑል ንጉሥ የሚያወርዱበትና የሚያነግሡበት ዘመን ነበር። በዚያው ዓመት መጨረሻ፣ በእኛ በ1763 ዓ.ም. ታኅሣሥ ላይ፣ ራሱ ወደ ጎንደር ሲመለሱ የሆነውን ብሩስ ጽፎታል። ከተማዋ ውስጥ የሚያዜሙና የሚያስቁ ወደ ሰላሳ የሚጠጉ አዝማሪዎች ነበሩ። ራስ ሚካኤል ከከተማዋ ርቀው ሳሉ በሳቸው ላይ የሚያፌዝ ግጥም ገጥመዋል ተብሏል። ጌታው ሲመለሱ ደግሞ እንደ ልማዳቸው ሊያወድሱ ወጡ። ራሱ አልረሱም ነበር። ፈረሰኞች ታዘዙባቸውና እዚያው ፈጇቸው።

ልብ በሉ፤ እነዚህ ሰዎች የሞቱት በግጥም ነው። ዛሬ እኛ ክፍል ውስጥ ስለ ሐሳብ ነፃነት ስንማር የምንጠቅሳቸው የውጭ አገር ስሞች ብዙ ናቸው። በገዛ አገራችን በአንድ ቀን፣ በአንድ አደባባይ ስለተናገሩት ነገር ሰላሳ ያህል ሰው አልቋል። ብሩስ ቁጥራቸውን ጻፈልን። ስማቸውን ግን አልጻፈም። የገዳዩን ስም እናውቃለን፣ የንጉሡን ስም እናውቃለን፣ የጸሐፊውን ስም እናውቃለን። የሟቾቹ ግን «ወደ ሰላሳ የሚጠጉ» ብቻ ሆነው ቀሩ።

ይኸው ብሩስ ስለ ሙዚቃ መሣሪያዎቻችንም ጽፏል። እንግሊዛዊው የሙዚቃ ታሪክ ጸሐፊ ቻርልስ በርኒ የብሩስን መግለጫ ተቀብሎ በ1776 (እ.ኤ.አ.) በወጣው የመጀመሪያ ቅጹ ላይ አትሞታል። ብሩስ በሐበሻ አገር ስድስት የሙዚቃ መሣሪያ አለ ይላል፦ ዋሽንት፣ መለከት፣ ነጋሪት፣ አታሞ፣ ጸናጽልና የክራር ዓይነት። ማሲንቆ ከስድስቱ ውስጥ የለችም። ስለ አዝማሪዎቹ እልቂት የጻፈ ሰው መሣሪያ ሲቆጥር ማሲንቆን አልቆጠራትም!

አሁን በዚያው ዘመን ወደ አውሮፓ እንሻገር፤ ለማወዳደር ያህል ነው። እዚያም ቢሆን የቤተ መንግሥት ሙዚቀኛ ጌታ አልነበረም፤ አሽከር ነበር። ጆሴፍ ሃይድን የሚባለው ታላቅ የሙዚቃ ደራሲ በ1761 (እ.ኤ.አ.) በልዑል ኤስተርሃዚ ቤት ሲቀጠር የፈረመው ውል ዛሬም አለ። ውሉ ደመወዙ በዓመት 400 ጉልደን እንደሆነ ይናገራል። ነጭ ካልሲ ማድረግ፣ ፀጉሩን ዱቄት መነስነስ፣ በየቀኑ ከቀትር በፊትና በኋላ እልፍኝ ደጃፍ ቀርቦ «ዛሬ ሙዚቃ ይኖራል?» ብሎ ትእዛዝ መጠበቅ አለበት። የደረሰውንም ሙዚቃ ያለ ጌታው ፈቃድ ለሌላ መስጠት አይችልም። አሽከርነት ነው። ቢሆንም ወረቀት አለው። ወረቀት ስላለው ደግሞ ዛሬ ሕይወቱን መጻፍ ይቻላል።

በዚያው በኤስተርሃዚ ቤት ያገለግል ከነበረ አፍሪካዊ ዘር ካለው ሰው ደግሞ አንድ ልጅ ተወለደ፤ ጆርጅ ብሪጅታወር ይባላል። በ1778 (እ.ኤ.አ.) የተወለደው ይህ ልጅ ገና በልጅነቱ ፓሪስ ላይ ቫዮሊን ተጫውቶ ተደነቀ፣ ቀጥሎም የእንግሊዙ አልጋ ወራሽ አስጠግተውት በሙዚቃ ጓዳቸው ተጫወተ። በ1803 (እ.ኤ.አ.) ቪየና ውስጥ ቤትሆቨን ለሱ ብሎ የጻፈውን ሶናታ፣ ቤትሆቨን ራሱ ፒያኖ እየመታ፣ አብረው ለሕዝብ አቀረቡት። በኋላ ተጣሉ። ቤትሆቨን የመታሰቢያውን ስም ቀየረና ክሮይጸር ለሚባል ሌላ ቫዮሊኒስት ሰጠው። እስከ ዛሬ ሥራው የሚጠራው «ክሮይጸር ሶናታ» እየተባለ ነው፤ የሚገርመው ክሮይጸር አንድ ቀን እንኳ በአደባባይ አልተጫወተውም። የጥቁሩ ልጅ ስም ከሽፋኑ ላይ ተፋቀ። ግን ቤትሆቨን በእጁ የጻፈው ረቂቅ ስለተረፈና እዚያ ላይ ስሙ ስላለ፣ ይኸው እኔ ገርጂ ቁጭ ብዬ አወቅኩት።

ከዚህ የገባኝ ነገር አንድ ነው። የአንድ ሙዚቀኛ ሕይወት የሚተርፈው ሰውየው ታላቅ ስለሆነ ብቻ አይደለም። አንድ ሰው ጠይቆ ስለጻፈው፣ ወይም ወረቀቱ ስላልጠፋ ነው። ጎንደርም ውስጥ ታላላቅ ሰዎች ነበሩ። ያልነበረው ጠያቂ ነው።

«ታዲያ የእኛ ሰው አንድም አልተረፈም?» ትሉኝ ይሆናል። ተርፏል። እንዴት እንደተረፉ ግን ተመልከቱ።

ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ በ1869 ዓ.ም. ገደማ ምንጃር ውስጥ ተወለዱ፣ በዳግማዊ ምኒልክ ቤተ መንግሥት አካባቢም አደጉ። ግጥም አዋቂ፣ ጨዋታ አዋቂ፣ ማሲንቆ መቺ ነበሩ። በ1900 ዓ.ም. ምኒልክ የአውቶሞቢልን ነገር እንዲማሩ ወደ ጀርመን አገር ላኳቸው። መኪና ሊማሩ የሄዱት ሰው እዚያ ሳሉ በማሲንቆአቸው እየታጀቡ ዘፈናቸውን በሸክላ አስቀረጹ። ለገበያ የወጡ የመጀመሪያዎቹ የኢትዮጵያ ሙዚቃ ሸክላዎች እነዚያ ናቸው። በልጅ ኢያሱ ዘመን ከፍ አሉ፤ ልጅ ኢያሱ በ1909 ዓ.ም. ሲወርዱ የሳቸውም ኮከብ አብሮ ዘቀዘቀ። የአፍሪካን እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን ከ1972 እስከ 1987 (እ.ኤ.አ.) በፕሬዚዳንትነት የመሩት ይድነቃቸው ተሰማ የሳቸው ልጅ ናቸው። ነጋድራስ ተሰማ በ1964 (እ.ኤ.አ.) አረፉ። ሸክላዎቹ ከመቶ ዓመት በኋላ፣ በ2011 (እ.ኤ.አ.)፣ ፍራንሲስ ፋልሴቶ በሚያዘጋጀው «ኢትዮፒክስ» ተከታታይ በሲዲ እንደገና ወጡ። ከመቶ ዓመት በፊት የነበረ የቤተ መንግሥት ሰው ደጋኑን ሲስበው ዛሬ በጆሮአችን መስማት እንችላለን። እኔ በጆሮ ማዳመጫ ስሰማው፣ ከዚያ ሁሉ መንፏቀቅና ጭረት ጀርባ የሰውዬው ትንፋሽ የሚሰማኝ መሰለኝ።

ግን እውነቱን እንነጋገር። ተሰማ እሸቴ በአዝማሪነት የሚተዳደሩ፣ ከአዝማሪ ቤተሰብ የተወለዱ ሰው አልነበሩም። ሹመት ነበራቸው፣ ነጋድራስ የሚል ማዕርግ ነበራቸው፣ የሚታወቅ ልጅ ነበራቸው፣ ከሁሉም በላይ የጀርመን ማሽን ነበር። ይህ ሁሉ የሌለው፣ በዚያው ዘመን በየጠጅ ቤቱና በየመኳንንቱ ግቢ ሲጫወት ያደረ አዝማሪስ? እሱ «ወደ ሰላሳ የሚጠጉት» ጋ ሄደ።

ይህን ሐሳብ ለአንድ የክፍሌ ልጅ ባነሣበት አልተቀበለኝም። «አዝማሪነት የቃል ጥበብ ነው። ግጥሙ የሕዝብ ነው። ስም፣ ፊርማ፣ የደራሲ መብት የምትይው የፈረንጅ ነገር ነው። ስም አልባነቱ ራሱ ባህሉ ነው» አለኝ። ቀላል ክርክር አይደለም፤ ብዙ ቀን አሰብኩበት። መልሴ ግን ይኸው፦ የአዝማሪ ሥራ መነሻው ስም ነው። ጠረጴዛህ ጋ ሲመጣ መጀመሪያ የሚጠይቅህ ስምህን ነው። ስምህ ሲነሣ ደስ እንደሚልህ፣ የአባትህ ስም ሲታከልበት ቀና እንደምትል፣ ስምህን ካልጠራ ደግሞ ብር እንደማትሰጠው ያውቃል። የስምን ዋጋ ከሱ በላይ የሚያውቅ ሰው የለም። እንዲህ ያለውን ሰው «ስም አይፈልግም» ማለት ባህል ማክበር ሳይሆን ስንፍናችንን በባህል መሸፈን ነው።

ሁለተኛው ምክንያት የሚያሳፍር ነው። «አዝማሪ» የሚለው ቃል ለብዙ ዘመን እንደ ስድብ ሲያገለግል ኖሯል። ሠርጋችን ያለሱ አይደምቅም፤ ልጃችንን ግን አንድርለትም። እየሳቅንለት እንንቀው ነበር። የናቁትን ሰው ስም ደግሞ ማን ይጠይቃል? በዚህ የተነሣ ስሙ እንዳይነሣ የሚፈልግ፣ ቤተሰቡ ሥራውን እንዲያውቅበት የማይሻ ባለሙያም ሊኖር ይችላል። መብቱ ነው። ግን እምቢ ማለት የሚችለው መጀመሪያ ከተጠየቀ ነው። እኔ ያን ሰውዬ አልጠየቅኳቸውም። ያልጠየቅኩትን ነገር እምቢ አሉኝ ማለት አልችልም።

እንግዲህ ጥፋቱን ብሩስ ላይ ብቻ መጫን ይቀላል። የሱ ሙያ ጉዞ ነበር። የእኛ ሙያ ግን ይኸው ነው። አንደኛ ዓመት፣ የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ላይ፣ «ማን፣ ምን፣ መቼ፣ የት፣ ለምን፣ እንዴት» ተብለን የተማርነው እኛ ነን። «ማን» የመጀመሪያው ነው። እስቲ ግን ስለ ባህል ሙዚቃ የምንጽፋቸውን ጽሑፎች ገልጣችሁ ተመልከቱ። ድምፃዊው አለ፣ አለባበሱ አለ፣ «ታዳሚውን አስደመመ» አለ። ማሲንቆ የመታው ማነው? ከየት መጣ? ከማን ተማረ? የለም። ቤታችን ያሉትን የአባቴን የድሮ ካሴቶች አንድ በአንድ አወጣኋቸው። የድምፃዊው ፎቶ ሽፋኑን ሞልቶታል፤ ማሲንቆ በግልጽ ከሚሰማባቸው መካከል የመቺው ስም የተጻፈበት ሁለት ብቻ አገኘሁ።

ጊዜ ያለን እንዳይመስለን። ካዛንቺስ ለብዙ ዓመት በአዝማሪ ቤቶቹ የሚታወቅ ሰፈር ነበር። ከገርጂ ሩቅ አይደለም፤ በአንድ ታክሲ ይደረሳል። ሰፈሩ በ2017 ዓ.ም. ሲፈርስ ነዋሪው ወደየአቅጣጫው ተነሣ። ስለ ፈረሱት ቤቶች ፎቶ አይተናል፣ አዝነናል፣ «ትዝታ» ብለን ለጥፈናል። እነዚያ ቤቶች ውስጥ ለዓመታት ሲጫወቱ ያደሩትን ሰዎች በስም፣ በትውልድ አገር፣ በመምህር የሚዘረዝር ከእኛ ከተማሪዎቹ የወጣ አንድ ጽሑፍ ግን አላየሁም። ቤት ሲፈርስ ይታያል። ሰው ሲጠፋ ግን አይታይም፤ በተለይ ስሙን ካላወቅነው።

ስለዚህ ዝም ብዬ ከማልቀስ ሦስት ነገር ለክፍላችን ላቅርብ።

አንደኛ፣ በዚህች ቡለቲን ላይ ስለ ሙዚቃም ሆነ ስለ ሌላ ኪነ ጥበብ የሚወጣ ጽሑፍ የተጫዋቹ ስም ከሌለው አይውጣ። ባለቤቱ ስሜ አይጠቀስ ካለ፣ እንዳለ ይጻፍ። ያለዚያ ግን «አንድ አዝማሪ» የሚል ነገር አርታኢዎቻችን ይመልሱት። የኔንም ጭምር።

ሁለተኛ፣ እያንዳንዳችን ከመመረቃችን በፊት አንድ የባህል ሙዚቃ ባለሙያ፣ ፈቃዱን ጠይቀን፣ ግማሽ ሰዓት ድምፁን እንቅረጽ። የት ተወለደ፣ መሣሪያውን ማን ሰጠው፣ ማን አስተማረው፣ የት የት ተጫወተ፣ ምን ያህል ይከፈለዋል። ቅጂው ክፍለ ትምህርቱ ውስጥ ይቀመጥ። ለዚህ የጀርመን ማሽን አያስፈልግም። ተሰማ እሸቴ ባሕር ተሻግረው ያገኙት ነገር ዛሬ በያንዳንዳችን ኪስ ውስጥ ስልክ ሆኖ ተቀምጧል። በአንድ ዓመት ውስጥ እንኳ አንድ ክፍል ተማሪ ጎንደር ላይ ካለቁት ሰዎች ቁጥር በላይ ስም ሊሰበስብ ይችላል።

ሦስተኛ፣ መምህሮቻችን ስለ ሐሳብ ነፃነት ታሪክ ሲያስተምሩን፣ እባካችሁ የ1763ቱን የጎንደር ቀንም ጨምሩልን። ስማቸው ባይኖርም ቀናቸው አለ።

ስለ ስምንቷ ማርክ መምህሬን ዛሬ አልከራከራቸውም። እንዲያውም አብዝተውልኛል። ሦስት ገጽ ሙሉ ስለ አንድ ሰው ጽፎ ሰውየውን መርሳት ዜሮም ሲያንሰው ነው። ከዚያ ወዲህ ሰው ሳናግር መጀመሪያ የምጠይቀው ስም ነው፣ ቀጥሎ የአባት ስም። አንዳንዱ ይገርመዋል። ባለፈው ሰሞን አንድ ሠርግ ላይ አንዱን ወጣት ማሲንቆ መቺ እሱ ሳይቀድመኝ «ስም ማን ልበል?» ስለው ደንግጦ ደጋኑን አቆመ። ከዚያ ሳቀና ነገረኝ። ነገሮኝም ዝም አላለም፤ የአባቱን ስም፣ የአገሩን ስም፣ ማሲንቆውን የሠራለትን የአጎቱን ስም ሁሉ ነገረኝ። ለካ የሚጠይቀው አጥቶ ነው እንጂ ሞልቶት ነበር።

ጎንደሬውን አሁንም እየፈለግኳቸው ነው። ገርጂ፣ ሃያ ሁለት፣ ሲኤምሲ፣ ማሲንቆ በሰማሁበት ቦታ ሁሉ አንገቴን አስግጌ አያለሁ። ውድ አንባቢያን፣ እናንተም ከመሸ በኋላ ቦሌ አካባቢ ስድሳን የተሻገሩ፣ ማሲንቆአቸው ጥጉ ላይ በጥቁር ክር የተሰፋ ሰው ካያችሁ አደራ፤ «ተቀበል» ከማለታችሁ በፊት ስማቸውን ጠይቁልኝ።